የሁሉም ሰው ወንድም

ዩኒቨርሲቲ ሳለን ድርሰት ያስተማረን መምህር ጽሑፋችንን በቀይ አያጨማልቅም ነበር። ከኅዳጉ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጽፋል። አንዷ ተማሪ ፍቅረኛዋ ጥሏት የሄደ ቀን ሰማዩም አብሯት እንዳለቀሰ ስትጽፍ፣ «ሰማዩ ማን ሞተበት?» ብሎ መለሰላት። ሌላው ጀግናዋን መስተዋት ፊት አቁሞ ጥርሷን ከወተት፣ አንገቷን ከመቃ፣ ዓይኗን ከብር ዋንጫ ጋር ሲያስተያይ፣ «ይህች ልጅ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ብትቀመጥ አውቃታለሁ?» ብሎ ጻፈበት።

የኔን ታሪክ ሦስት ሳምንት ደክሜበታለሁ። ሁለት ተማሪዎች ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ይጋጫሉ፤ መጻሕፍቷ ይበተናሉ፤ ሲለቅሙ እጃቸው ይነካካል። ሊጋቡ ቀን ሲቆርጡ ከሣጥን ሥር በተገኘ አሮጌ ደብዳቤ እህትና ወንድም መሆናቸው ይታወቃል። ልጅቷ ደም ታስላለች። መጨረሻ ላይ ለካስ ሁሉም ሕልም ኖሯል። መምህሩ ይህን ጮክ ብሎ ካነበበ በኋላ፣ «ቢያንስ ሕልሙ እንኳ ያንቺ ይሁን» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አፌን በእጄ ሸፍኜ አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ እስክመረቅ ድረስ በዚያ ክፍል ድምፄን ያሰማሁ አይመስለኝም።

አሁን የምኖረው ሳምጣ ነው፤ በጂዛን በኩል፣ ለየመን ድንበር ቅርብ በሆነች ከተማ። በኮንትራት መጥቼ የማዳምን እናት እንከባከባለሁ። አሮጊቷ ፉል የሚሉትን ነጭ አበባ በክር ስትሰካ ትውላለች፤ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የማስገባላት እኔ ነኝ። በቀን ውስጥ ከአፌ ከሚወጡት ቃላት አብዛኞቹ «ሐዲር» ናቸው፤ እሺ ማለት ነው። ከሐዲር ሌላ ቃል የማልናገርበት ሳምንት ያልፋል።

ሥራ ሲያልቅ ስልኬ ላይ ታሪክ እጽፍ ነበር። ለማንም አላሳይም። ታሪኮቼ ሁሉ ከአውሮፕላን ማረፊያ ይጀምሩና በረንዳ ላይ ያልቃሉ። በመካከል አንዲት ክፉ ማዳም ካውያ አግላ ትመጣለች። እኔን ግን ካውያ ያስጠጋብኝ የለም። ማዳሜ ክፉ ሴት አይደለችም፤ አታናግረኝም እንጂ። አለመነጋገር እንዴት እንደሚጻፍ ስላላወቅኩ ለታሪኬ ካውያ አስያዝኳት።

እዚህ የቤቶች ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው፤ ሰጥሕ ይባላል። ልብስ የሚሰጣው እዚያ ነው። የኔም ክፍል እዚያው ሰጥሑ ጥግ ላይ ናት፤ አንድ አልጋ፣ አንድ የሚንኳኳ የአየር ማቀዝቀዣ። የኛንና የጎረቤትን ሰጥሕ የሚለየው ግንብ እስከ ደረቴ ይደርሳል። ከግንቡ ማዶ ልብስ የምታሰጣው ሠራተኛ ከወሎ ገጠር የመጣች፣ እኔን በአሥር ዓመት ግድም የምትበልጥ ሴት ነበረች። መጀመሪያ ያናገረችኝ እሷ ናት።

«ሐበሻ ነሽ?»

«አዎ።»

«ድምፅ አለሽ ለካ። ሁለት ወር ሙሉ አንገትሽን ደፍተሽ ስታሰጪ ዲዳ የቀጠሩ መስሎኝ ነበር፤ ወላሂ።»

ቀስ በቀስ አስወራችኝ። መማሬን የሰማች ቀን የያዘችውን አንሶላ ገመዱ ላይ ጥላ ወደ ግንቡ መጣች።

«ዲግሪ ይዘሽ ነው አሮጊት የምታጥቢው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ታድላ። እኔን ስደክም የሚያጥበኝ አራተኛ ክፍል የደረሰ እንኳ አላገኝም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «ዲግሪ» ሆነ። «ዲግሪ፣ መቆንጠጫ ወርውሪልኝ።» «ዲግሪ፣ ዛሬ አቧራ ሊነሳ ነው፣ ነጩን አታስጪ።» ከአስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ በረድ ስትል፣ ሃያ ደቂቃ ያህል እናወራለን። እነዚያ ሃያ ደቂቃዎች እንዳይቀሩብኝ የማይታጠብ ልብስ ያጠብኩባቸው ቀናት ነበሩ።

አንድ ቀን ስለ ወንድሟ ነገረችኝ። በየመን በኩል በእግሩና በጀልባ መጥቶ፣ በአል-ዒዳቢ በኩል ተራራው ሥር ካለ መዝረዓ፣ ማንጎ እርሻ ውስጥ፣ ያለ ወረቀት ይሠራ ነበር። ዓርብ ዓርብ ይደውልላታል። ከረመዳን ወዲህ ግን ጀዋሉ፣ ሞባይሉ፣ ዝግ ነው። እርሻው ላይ የነበሩት ልጆች ተበትነዋል። አገር ቤት ያለችው እናቷ ይህን አታውቅም፤ «ደውሎልኛል፣ ደህና ነው» እያለች ታቆያታለች።

«ታላቃችን ባሕር ላይ ሲቀር ለናቴ ያረዳኋት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ሁለተኛ አላረዳም። አንቺ ተምረሻል፤ ጻፊልኝ፣ ሰው ያፈላልገው።»

የጠፉ ሰዎች የሚፈላለጉበት አንድ የቴሌግራም ቡድን አለ። እዚያ የሚለጠፈው በአብዛኛው ስምና ፎቶ ነው። ወንድሟን ለመፈለግ ግን ሁለቱም አይረዱም። ልጆቹ ድንበር ሲያቋርጡ ስማቸውንም አብረው ይቀይራሉ፤ ሲያዙ ደግሞ ሌላ ያስመዘግባሉ። ክርስቲያኑ የሙስሊም ስም ይይዛል፤ የወሎው የሐረር ልጅ ይሆናል። ወንድሟ የመን ውስጥ ሁለት ስም እንደነበረው ታውቃለች፤ እዚህ ምን ተብሎ እንደሚጠራ አታውቅም። ያላት ፎቶ ደግሞ በልጅነቱ ፎቶ ቤት የተነሳው ነው፤ ከኋላው የተሳለ ፏፏቴ፣ ዓይኑ ላይ የፎቶ አንሺው ጥቁር መነጽር። ስለዚህ ሰውየው የሚታወቀው በጽሑፉ ብቻ ነበር። ያ ጽሑፍ በኔ እጅ ወደቀ።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የጻፍኩት እንዲህ የሚል ነበር፦ «ከወሎ ተራሮች ሥር፣ የእናቱን እንባ ሊያብስ ብሎ በረሃና ባሕር ያቋረጠ አንድ ወጣት አለ። ጠይም፣ መለሎ፣ ዓይኖቹ ሐዘን ያዘሉ፣ ፈገግታው ግን ጨለማ የሚገፍ። ሰማዩ በአቧራ በጨለመበት በዚያ ክፉ ቀን በነፋሱ ውስጥ ተሰወረ። እናቱ ዛሬም ደጅ ደጁን ታያለች።»

እናቱ ደጅ ደጁን አታይም ነበር። ልጇ ደህና መሆኑን ነው የምታውቀው። ይህን እያወቅኩ ጻፍኩት፤ በታሪክ ውስጥ የስደተኛ እናት ደጅ ደጁን ታያለችና። የጠፋበት ቀን አቧራ ይሁን ፀሐይም አልጠየቅኩም።

ግንቡ ላይ ተደግፌ ሳነብላት ጎረቤቴ አለቀሰች። በሻሿ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች «ድገሚልኝ» አለች፤ ደገምኩላት። ያን ጊዜ የተሰማኝን ለመናገር አፍራለሁ። ደስ አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩት ነገር ሰው አስለቀሰ። ዕለቱን ቡድኑ ላይ ለጠፍኩት።

በማግስቱ መልስ መጣ፤ ብዙ መልስ። አሥራ አንድ ሰው «ይህ የኔ ነው» አለ። ከራያ አንዲት ሴት፣ «ጠይም መለሎ ያልሽው ባሌ ነው፤ ዕድሜውን አሳንሰሽው ነው እንጂ» ብላ ፎቶ ላከች። አንድ አባት ሲያነብቡለት ልጁን እንዳወቀው በድምፅ ነገረን፤ «ሐዘን ያዘሉ ዓይኖች» የሚለውን ቃል ከኔ ወስዶ መልሶ ለኔው ነገረኝ። የሁሉንም ፎቶ ለጎረቤቴ በግንቡ ላይ አሳየኋት። ሁሉንም አየች። «አይደለም» ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ፣ «እሱንም አላህ ያግኘው» ትላለች። ለእያንዳንዳቸው ያልነበራቸውን ተስፋ ሰጥቼ መልሼ የነጠቅኩ እኔ ነበርኩ።

ከሁሉም በታች አንድ አጭር መልእክት ነበረች። ያቺን አላነበብኩላትም።

«ምን ይላል እሱ?» አለችኝ።

«ምንም።»

«ፊትሽ ምንም አይልም።»

«‹ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ክፍል ሁለት መቼ ነው?› ይላል።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣችም። አንሶላውን አጣጥፋ ግንቡ ላይ አስቀመጠችና፣ «እስቲ እንደገና አንብቢልኝ» አለች። አነበብኩላት። መለሎ የሚለው ጋ ስደርስ እጇን አነሳች።

«ማን ነው ይሄ?»

«ወንድምሽ…»

«ወንድሜ አጭር ነው።»

መለሎ የሚለውን ቃል መልሼ አየሁት።

«ያን ቀን አልቅሼ ነበር አይደል? ለወንድሜ አልነበረም ያለቀስኩት። ለልጁ ነው።»

«ለየትኛው ልጅ?»

«ለጻፍሽው ልጅ። አሳዘነኝ። የኔው ግን እንዲህ አይደለም።»

የመምህሩ ጥያቄ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ቢቀመጥ አውቀዋለሁ? አሥራ አንድ ሰው አውቆታል። የሁሉም ሰው ወንድም አድርጌ ጽፌው ነበር፤ የሷን ብቻ አስቀርቼ። ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ያለ ስሕተት የሚያስቀንስብኝ ነጥብ ነበር። እዚህ ግን ሰውየው የሚገኝበትን መንገድ ዘጋ።

ስልኬን አስቀመጥኩና እንደ አዲስ ጠየቅኳት።

«እትዬ፣ ምን ይመስላል?»

«ሰው ነዋ።»

«ዓይኑስ?»

«ሐዘን ያዘለ ያልሽው? ኧረ የሌባ ዓይን ነው። ገና ሲያየኝ ኪሴን ነው የምዳብሰው።» ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ነገሩ መጣላት። «ሽርጡን በግራ ጎኑ ነው የሚቋጥረው፤ ግራኝ ነው። ሲስቁበት በቀኝ ይሞክራል፣ መንገድ ላይ ይፈታበታል። ማፏጨት አይችልም። ከንፈሩን ያሾላል፣ የሚወጣው ነፋስ ነው። ደሞ… ኢንሻአላህ የምትል ነገር አለችው።»

«ኢንሻአላህማ ሁሉም ይላል።»

«ሁሉም የሚለው ለነገ ነው። እሱ የሚለው ለትናንት ነው። ‹በሩን ዘጋህ?› ትይዋለሽ፣ ‹ዘጋሁ ኢንሻአላህ› ይልሻል። ‹ሰገድህ?› ‹ሰገድሁ ኢንሻአላህ።› ያልሠራውን ሲጠየቅ ነው የሚላት። ውሸት እንዳትሆንበት አላህን ጣል ያደርግባታል። የሠራውን ከሆነ ‹ሠራሁ› ብሎ ዝም ነው። አባታችን፣ ‹አንተ ልጅ፣ አላህ ትናንትን እንደገና ይፍጠርልህ?› ይለው ነበር።»

ይህን ሁሉ ጻፍኩ። ምንም አልጨመርኩበትም። አለመጨመር ከመጻፉ ይልቅ ከብዶኛል፤ እጄ ደጋግሞ ወደ ሰማዩ ይሄድብኝ ነበር።

ግን ሌላ ችግር አለ። ከልጆቹ ብዙዎቹ ፊደል አልቆጠሩም። የሚያውቁት ልጆች ማንበብ ካልቻሉ ጽሑፉ ምን ያደርጋል? ድምፅ መሆን ነበረበት።

«እኔ አልችልም» አለች ጎረቤቴ። «የሰፈራችን ልጆች በሙሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። ድምፄን የሰማ ሁሉ ለናቴ ይደውላል። አንቺው ተናገሪ። አንቺን ማን ያውቅሻል?»

ክፉ አስባ አልነበረም። እውነቷን ነው። እዚህ አገር ማንም የማያውቀኝ መሆኔ ለአንድ ሰው የጠቀመው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ሰባት ጊዜ ቀድቼ አጠፋሁ። ስድስተኛው ላይ ማዳም በሩን ከፍታ ከማን ጋር እንደማወራ ጠየቀችኝ። «ከማንም» አልኳት። ስምንተኛውን ሳልሰማው ላክሁት፦

«ከአል-ዒዳቢ፣ ከማንጎ እርሻ የጠፋ የወሎ ልጅ እንፈልጋለን። አጭር ነው፣ ግራኝ ነው። ሽርጡን በግራ ይቋጥራል። ማፏጨት አይችልም። ያለፈ ነገር ሲጠየቅ ‹አደረግሁ ኢንሻአላህ› ይላል። ስሙን አትጠይቁኝ፤ አሁን ምን እንደሚባል አናውቅም።»

እንደ ፊተኛው አሥራ አንድ ሰው አልመለሰም። ማንም አልመለሰም። በየቀኑ ከአስር በኋላ ሰጥሕ ላይ እንገናኛለን፤ ጎረቤቴ ቅንድቧን ታነሳለች፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ከዚያ ስለ መቆንጠጫ እናወራለን። የመጀመሪያውን ጽሑፍ እየናፈቅኩ እንደነበር አልደብቅም። እሱ ቢያንስ መልስ ነበረው።

በዘጠነኛው ቀን አንድ የማላውቀው ሰው ድምፅ ላከ። ከኋላው የአገር ቤት ባጃጅ ይጮሃል።

«አሰላሙ አለይኩም እህቴ። እኔ ተርሒል ነበርሁ፤ ወደ አገር የሚመለሱ ሰዎች የሚቆዩበት። ሰሞኑን ነው የገባሁት። እዚያ ከኛ ጋር አንድ አጭር ግራኝ ነበር። ስሙን ትተን ‹ኢንሻአላህ› ነበር የምንለው። ‹ሩዝህን በላህ?› ስንለው ‹በላሁ ኢንሻአላህ› ይላል፤ ለካስ ተኝቶ አልፎታል። ማፏጨቱን አላውቅም፤ እዚያ ማን ያፏጫል። ውስጥ ስልክ ያለው ልጅ አለ፣ ቁጥሩን እልክልሻለሁ።»

ጎረቤቴ ይህን ሦስት ጊዜ ሰማች። «ተኝቶ አልፎታል» የሚለው ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ራሷን ትነቀንቃለች።

የደወልነው በማግስቱ ነው። ስልኬን ግንቡ ላይ አስቀምጬ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። አንድ ሰው አነሳ፤ ቆዩ አለ፤ ብዙ ሰው የሚያወራበት ክፍል ተሰማ፤ ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«አሎ?»

«አንተ ነህ?»

«እትዬ?»

እኔም እትዬ ነው የምላት። እሱ ሲላት ግን ሌላ ቃል ይመስል ነበር።

«አለህ?» አለችው።

«አለሁ።»

ዝም አለ። ምንም አልጨመረም። ጎረቤቴ ወደኔ ዞራ አንድ ጣቷን አነሳች፤ እውነት ነው ለማለት።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ ኢንሻአላህ።»

ጣቷ ወረደ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ስትናገር ግን ድምጿ እንደ በፊቱ ነበር።

«ሆድህ ነው ወይስ እግርህ?»

ሳቅ ተሰማ፤ እንደተያዘ ልጅ ሳቅ። «እግሬ ነው። ከማንጎ ላይ ወድቄ።»

«ታከምህ?»

«ታከምሁ ኢንሻአላህ።»

«አልታከምህም በለኛ። ስማኝ። ወደ አገር መቼ ነው የሚወስዷችሁ?»

«በሚቀጥለው ተራ አለሁበት።»

«አለሁበት ነው ወይስ ኢንሻአላህ?»

«አለሁበት። አሻራ ሰጥቻለሁ።»

«እሺ። እግርህን አትርገጥበት። አገር እንደገባህ፣ እናታችን ጋ ሳትደርስ ሐኪም ቤት። ሄድሁ ኢንሻአላህ ብትለኝ…» መጨረሻውን አልሰማም፤ መስመሩ ተቋረጠ። መልሰን ብንደውል አልነሳ አለ።

እንደምጽፋቸው ታሪኮች ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ዝናብ ይጥላል። ወይም አዛን ይሰማል። አዛኑ አልፎ ነበር፤ ሰማዩ ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት እንደሚሆነው ነጣ ያለ ነበር። የኔ ማቀዝቀዣ ይንኳኳል። ጎረቤቴ ግንቡን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። ለማጽናናት ቃል ፈለግኩ፤ የመጡልኝ ቃላት ሁሉ የታወቁ ስለነበሩ አንዱንም አልተናገርኩም። በመጨረሻ ቀና አለች።

«ዛሬ ለናቴ ‹ደወለልኝ› ብላት አልዋሸሁም» አለች። «ያንቺ ልብስ ደርቋል፤ አንሺው።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወንድሟ አገር ገባ። እግሩ ጠማማ ሆኖ ገጥሟል፤ ሐኪም ቤት የሄደው እናቱ ጋ ከደረሰ በኋላ ነው፤ እናቱ እያዳፋች ወስዳው። ጎረቤቴም የቀራትን ኮንትራት ጨርሳ የመውጫ ወረቀቷን አገኘች። ከመሄዷ በፊት ባለው ቀን ልጠይቃት የፈራሁትን ጠየቅኳት።

«እትዬ፣ እኔ ብጠፋ ምን ብለሽ ታስነግሪያለሽ?»

ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደችም።

«በር ታንኳኳለች እላለሁ።»

«ሰው ሁሉ ያንኳኳል።»

«የራሱን በር? ማንም የሌለበትን? ልብስ አንስተሽ ስትሄጂ እሰማሻለሁ እኮ። ኳ ኳ ታደርጊና ትንሽ ቆመሽ ትገቢያለሽ። ማን እንዲፈቅድልሽ እንደሆነ እንጃ።»

አላደርግም አልኳት። እውነትም የማደርገው አይመስለኝም ነበር። ሳቀችብኝና በግንቡ ላይ የተረፋትን መቆንጠጫ በሙሉ ሰጠችኝ፤ የፕላስቲክ፣ አንድ ከረጢት ሙሉ።

አሁን ከግንቡ ማዶ ሌላ ሠራተኛ አለች። ከየት እንደመጣች አላውቅም፤ ቋንቋዋን አልችልም፣ እሷም የኔን። ስንተያይ ፈገግ እንላለን። ፈገግታዋ ጨለማ የሚገፍ አይደለም፤ ከላይ አንድ ጥርስ የላትም፤ ቶሎ ከንፈሯን ትገጥማለች። ያን ጽፌዋለሁ። በረንዳና ካውያ ያሉባቸውን ታሪኮች ከስልኬ አጠፋኋቸው።

ትናንት ከአስር በኋላ ልብሱን ሰብስቤ በአንድ ክንዴ ታቅፌ ወደ ክፍሌ ሄድኩ። በሩ ጋ ስደርስ ሌላው እጄ ተነስቶ አገኘሁት። ማቀዝቀዣው ውስጥ ይንኳኳል። ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ፤ ትንሽ ቆሜ ገባሁ።